አትከተላት፣ ትመለሳለች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባዬ የምትሰሙት የደብረ ማርቆስ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው። ሐምሌ ነውና እስኪያባራ ልጠብቅ ብል መስከረም ይጠባብኛል።

ትናንት ሌሊት አንድ ሰው አባርሬ ገደል ከተትሁ። አትደንግጡ፤ በኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ወደ ሰውየው ለመድረስ ከአጋዘኖቹ መጀመር አለብኝና ታገሡኝ።

ጨዋታው ረስት ይባላል። በእንግሊዝኛ ዝገት ማለት ነው። እናቴ ግን ስሙን ስትሰማ «ርስት» ነው የመሰላት። «የት ያለ ርስት ነው ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለህ የምትጠብቀው?» አለችኝ። የጎጃም እናት ርስት ስትል ቀልድ አይደለም። ቆይቼ ሳስበው ብዙም አልተሳሳተችም፤ በጨዋታውም ሰው መሬት ይይዛል፣ ጎጆ ይቀልሳል፣ ድንበር ተገፋሁ ብሎ ይጋደላል። ልዩነቱ ይህኛው ርስት የፈረንጆቹ ወር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ ተጠራርጎ መጥፋቱ ነው። ጎጆህም ጎተራህም የለም፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህን ለእናቴ አልነገርኋትም።

ፌስፓንች የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው የሠራው። ገና ሳያልቅ በ2013 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረቡት፤ አለቀ ያሉት በ2018 ነው። ስትገቡ ባሕር ዳር ላይ ትነቃላችሁ፤ ከተማዋን ማለቴ አይደለም፣ እውነተኛ የባሕር ዳርቻ ነው። ራቁታችሁን ናችሁ። በእጃችሁ ያለው አንድ ድንጋይና አንድ ችቦ ብቻ ነው። ከዚያ ረኃብ ይመጣል፣ ብርድ ይመጣል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣል።

እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት ከርከሮ ነበር። ከርከሮ አይሸሽም፤ ይመጣብሃል። እንደምንም ገደልሁትና ሥጋው በእጄ ገባ። እዚህ ላይ ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፤ ያንን ሥጋ ለጨዋታው ሰውዬ ማብላት ከበደኝ። ኮምፒውተር ላይ የተሣለ ሰው ነው፣ ቄስ አያየኝም፣ ንስሐ አባቴም የመጫወቻ ስሜን አያውቁም። ቢሆንም እጄ እንቢ አለ። ሰውዬዬን በረኃብ ካሰቃየሁት በኋላ ነው «በል እንግዲህ፣ አንተ ጎጃሜ አይደለህም» ብዬ ያበላሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ዓይኔ አጋዘን ፍለጋ ሄደ።

አጋዘን የምለውም ቃል አጥቼ ነው። እኛ አጋዘን የምንለው ቀንዱ እንደ ገመድ የተጠመዘዘውን ነው፤ የጨዋታው ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚዘረጋው የሰሜኑ አገር እንስሳ ነው። ለእሱ የራሳችን ስም ስለሌለን አጋዘን እንበለው። ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ይለበሳል፣ አጥንቱ ቢላዋ ይወጣዋል፤ 3 ሞራ ከ1 ጨርቅ ጋር ስታዋህዱ ደግሞ 4 ነዳጅ ይሆንላችኋል፣ ለፋኖስ። በጨለማ ለሚኖር ሰው አጋዘን ማለት ብርሃን ነው።

ችግሩ ይሸሻል። ቀስት ሠርቼ አጋዘን ሳይ በደስታ እየሮጥሁ ነበር የምሄደው። እሱም ይሮጣል። ፍላጻ እወረውራለሁ፤ የወደቀው ፍላጻ ሣር ውስጥ ይቀራል። እንደገና እሮጣለሁ። በዚህ ጨዋታ ሩጫ አያደክምም፤ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ቢሮጥ ላብ አይልም። ስለዚህ የሚያቆመኝ ነገር አልነበረም። አንድ አጋዘን ተከትዬ አገር አቋርጬ ሄጄ፣ ፍላጻዬን ጨርሼ፣ መጨረሻ ላይ የታጠቁ ሰዎች በር ላይ ራሴን አግኝቼዋለሁ። እነሱ ደግሞ ፍላጻ አይጨርሱም።

በዚያ ላይ ኢንተርኔቱ አለ። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ አውሮፓ ነው። የእኔ ትእዛዝ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ፣ መልሱም እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል። ጥሩ በሚባል ቀን የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በአንድ ሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ እንስሳ በዚያች ቅጽበት 2 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የማያት አጋዘን እዚያ የለችም፤ የነበረችበትን ነው የማየው። ለወራት የነበረችበትን ስወጋ ኖርሁ።

አንድ ሌሊት እንደዚሁ አየር ስወጋ ድንገት የአጎቴ ድምፅ መጣብኝ። «ካለችበት አትወርውር፣ ከምትደርስበት ወርውር!» እያወራ የነበረው ስለ ጦጣ ነው።

ያደግሁት ከፍኖተ ሰላም ወዲያ፣ ብር ወንዝ አካባቢ ነው። በቆሎ አገር ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ አራት ቋሚ፣ ላይዋ ላይ ሣር ጣል ጣል የተደረገባት። ቀን ቀን እኛ ልጆች ወንጭፍ ይዘን እንወጣለን፤ ጦጣ አለ፣ ዝንጀሮ አለ። ሌሊት ደግሞ አዋቂዎች ናቸው፤ ከርከሮና ጃርት የሚመጡት ሲጨልም ነው። ሥራችን ማደን አልነበረም፤ ማሸሽ ነበር። እንዲያውም ጦጣ መግደል ምን ያደርጋል? እንድትፈራና ለሌሎቹ እንድትነግር ነው የሚፈለገው። የአንድ ጎበዝ እሸት ጠባቂ ልኩ ስንት ገደለ አይደለም፤ ማታ ስንት እሸት ጎደለ ነው።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ከወንዙ ጥሻ አንዲት ድኩላ ወጣች። ከማማው ዘልዬ ወርጄ ሮጥሁ። እንደ ውሻ አንዴ ጮኸች፤ ድኩላ ስትደነግጥ እንደዚያ ነው የምትጮኸው። ከዚያ ጥሻው ዋጣት። እኔም ገባሁ። እሾህ ቀሚሴን ቀደደው፤ አዎ፣ ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርሁ ቀሚስ ነበር የምለብሰው። ስወጣ አጎቴ ማማው ሥር ቆሞ ይስቃል።

«ጋሼ፣ አመለጠችኝ» አልሁት።

«አትከተላት ልጄ፣ ትመለሳለች። ስትሸሽ ወዴት እንደምትሄድ እሷም አታውቅም፤ ስትመለስ ግን በለመደችው መንገድ ነው።»

ተቀመጥን። አጎቴ በጉብዝናው አዳኝ ነበር ይባላል፤ ጠይቄው ግን አያውቅም፣ እሱም አይነግርም። እኔ በደረስሁበት ጊዜ ጠመንጃውን ለድኩላ አያነሣም ነበር። ዝም ብለን ቆየን። እውነትም ሊጨልም ሲል በዚያው በወጣችበት ቀዳዳ አፍንጫዋ ብቅ አለ። ቆማ ቆማ ነው የምትመጣው፤ አንድ እግሯን አንሥታ ታስባለች። አጎቴ ትንሽ ድንጋይ አንሥቶ ከፊቷ መሬት ላይ ጣለላት። በቃ፣ ሄደች። ሊመታት አልፈለገም፤ መንገዱን እንዳወቅንባት እንድታውቅ ብቻ ነው። ለብዙ ቀን አልመጣችም።

ይህን ካስታወስሁ በኋላ አደኔ ተለወጠ። ሩጫ ተውሁ። አጋዘኑ ሲሸሽ ቁጭ እላለሁ። የእንዲህ ዓይነት ጨዋታ እንስሳ የሚሸሸው በትእዛዝ ነው፤ አደጋ በቀረበው ጊዜ በተቃራኒው በኩል አንድ ቦታ ይመርጥና ወደዚያ ይሮጣል፣ በቂ ርቀት ሲያገኝ ሁሉን ነገር ይረሳል። ራሱን ደፍቶ መጋጥ ይጀምራል። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ መጠበቅና ከነፋስ በላይ የራስን ችኮላ መደበቅ ነው። በአንድ ሌሊት አራት አጋዘን ጣልሁ። ፋኖሴ ሞላ።

እናም ሰለቸኝ። ይኸው ነው ግራ ያጋባኝ። ሥጋው አለ፣ ሞራው አለ፣ ግን ቆሞ የሚግጥ እንስሳ መውጋት ለካስ ደስ አይልም። ሳልወጋው በፊት ሆን ብዬ አስደንግጠው ጀመር። ሮጥ ይላል፣ ልቤ ይነሣል፣ እከተላለሁ። የጎረቤታችን ውሻ ትዝ አለኝ፤ የቆመ ሰው ቢያይ ዝም፣ የሮጠ ሰው ካየ ግን አይቶት የማያውቀውን ሰው ሁሉ ሌባ ያደርገዋል።

በ2004 እ.ኤ.አ. ብራምብልና ሊበርማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ አለ። የሰው ልጅ አካል ለረጅም ሩጫ የተሠራ ነው ይላሉ። በደቡባዊ አፍሪካ በካላሃሪ በረሃ የሚኖሩት የሳን ሕዝብ አዳኞች በቀትር ፀሐይ እንስሳ ለሰዓታት እያባረሩ በሙቀት የሚያሸንፉት ለዚህ ነው፤ እኛ በላብ እንቀዘቅዛለን፣ እንስሳው የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ እየጋለበ ደግሞ እንደ ልቡ ማለክለክ አይችልም። ደስ የሚል ነገር ነው፤ አንብቤ ለራሴ ጥሩ ምክንያት አገኘሁለት፣ ደሜ ውስጥ ያለ ነው አልሁ። ግን ሳን አዳኙ የሚሮጠው ስለራበው ነው። እኔ ጎተራዬ ሙሉ ነበር።

ትናንት እንግዲህ። የባሕሩን ዳርቻ ይዤ ስሄድ አንድ ሰው አየሁ። አዲስ ገቢ ነው፤ ራቁቱን፣ ድንጋይ በእጁ። እኔ ቆዳ ለብሻለሁ፣ ቀስት ይዣለሁ። ከእሱ የምፈልገው ምንም ነገር አልነበረም፤ ድንጋዩን ምን አደርገዋለሁ? ቢቆም ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ባለፍሁት ነበር። ሮጠ። ሲሮጥ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ።

እንደ አጋዘኑ ቀጥ ብሎ አልሮጠም። እንደ ሚዳቋ ነው፤ ወዲህ ይመታል፣ ወዲያ ይመታል፣ ቋጥኝ ይዞራል፣ ቆም ብሎ ይመለከተኛል። የሚረሳ እንስሳ አልነበረም። ሁለት ፍላጻ ሳትሁ፣ ሦስተኛውን ግን ከሚደርስበት፣ ከፊቱ ጣልሁለት፤ አጎቴ እንዳስተማረኝ። ያንን ሸሽቶ ሲዞር ገደሉ ነበር። ሲወድቅ በማይክሮፎኑ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየሁት አጭር ድምፅ ሰማሁ። የልጅ ድምፅ መሰለኝ። ወርጄ አየሁት፤ ድንጋይና ችቦ።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ተኛሁ፣ አልተኛሁም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ተመልሼ ገባሁ። በጨዋታው የሞተ ሰው በዚያው ዳርቻ ነው የሚነቃው፤ ግን ዳርቻው ሰፊ ነው፣ ያ ልጅ ያን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ይሁን ሌላ ዳርቻ ላይ በምን አውቃለሁ። ብቻ የተጠበሰ የአጋዘን ሥጋ ይዤ ሄድሁ። አምስት ቁራጭ ለየብቻ አሸዋው ላይ አስቀመጥሁ፣ ቀስቴን ከጀርባዬ አደረግሁ፣ ራቅ ብዬ ጥሻ ውስጥ ጎንበስ አልሁ።

ብዙም ሳልቆይ አንዱ መጣ። ያው ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ሁሉም ራቁት ሲሆን ሰው ሰውን ይመስላል። በቀጥታ አልመጣም። ራቅ ብሎ ዞረ፣ ቆመ፣ ሄደ፣ እንደገና ቆመ፤ ኑሮው የቆቅ ኑሮ ነው። አንዴ ወደ እኔ ጥሻ አየ፤ ያየኝ መሰለኝ። አልተንቀሳቀስሁም። ከዚያ ድንጋዩን እንደጨበጠ ገባና ሦስቱን ቁራጭ አንሥቶ ወደ ቋጥኞቹ ሮጠ፣ ወዲህ እየመታ፣ ወዲያ እየመታ።

ሁለቱን ለምን እንደተዋቸው እስካሁን አልገባኝም።