ትንሹስ በየት ይወጣል?

እንደምን አመሻችሁ? የማወራችሁ ከደሴ ነው። ጦሳ ጉም ለብሷል፤ ከፊቴ ደግሞ አሁን የከፈትኩት የቱና ቆርቆሮ አለ። ከዘይቱ ውስጥ ያወጣሁት ሥጋ ጭንቅላትም ክንፍም አጥንትም የለው። ዓሣ መሆኑን የነገረኝ ሽታው ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ በደጃችን ያልፋል፤ እኛ ግን ባሕርን የምናውቀው በቆርቆሮ ነው።

እኔ ዓሣን ያወቅሁት ሐይቅ ላይ ነው፣ ከአጎቴ ታንኳ። አንድ ማለዳ ከመረቡ አንዲት ቆሮሶ አውጥቶ አፏን በአውራ ጣቱ ከፈት ሲያደርገው፣ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ጫጩቶች መዳፉ ላይ ፈሰሱ። ከሰውነታቸው ጎልቶ የሚታየው ዓይናቸው ነበር። «እናት ናት ልጄ» አለኝና እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ከነልጆቿ ለቀቃት። ቆሮሶ እንቁላሏን የምታቅፈው በአፏ ነው፤ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ እህል ውሃ የላትም ማለት ይቻላል።

ባለቢጫ ክንፏ ቱና እንዲህ አታቅፍም። በሕንድ ውቅያኖስ ሞቃት ውሃ ላይ፣ በሌሊት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል በትና ትሄዳለች። እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ አብዛኛው ግን ሳያድግ የሌላ ፍጥረት ቀለብ ይሆናል። የተረፈው ዕድሜውን ሙሉ መዋኘት አለበት፤ ውሃ በስንጥቡ እንዲያልፍ የሚያደርገው ወደፊት በመሄድ ስለሆነ፣ ከቆመ ይታፈናል። ጡንቻው ከሚዋኝበት ውሃ ይሞቃል። በ2 ወይም በ3 ዓመቱ፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ገደማ ሲደርስ ይራባል። ትልቁ ከ2 ሜትር ያልፋል፤ ወደ 200 ኪሎም ይመዝናል። ይህን ሁሉ ነው በአንድ እፍኝ ቆርቆሮ የምንበላው!

የሚያሳዝነኝ የታዳጊዎቹ ነገር ነው። ትንንሾቹ ስኪፕጃክ ከሚባለው አነስተኛ ቱና ጋር ተቀላቅለው፣ በባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ ግንድ ሥር መሰብሰብ ይወዳሉ። አጥማጆች ይህን አውቀው ሰው ሠራሽ መንሳፈፊያ ይጥሉና ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይከብባሉ። ስኪፕጃክ ቶሎ ስለሚራባ ይተካል። ባለቢጫ ክንፉ ግን አንድም ጊዜ ሳይራባ አብሮ ይወጣል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 የሕንድ ውቅያኖሱ ክምችት ከልክ በላይ መጠመዱ ተረጋገጠ፤ በ2016 ደግሞ መቀመጫውን ሲሸልስ ያደረገው የሕንድ ውቅያኖስ ቱና ኮሚሽን አባል አገሮች የሚጠመደውን ለመቀነስ ተስማሙ። እኔ የገዛሁት ቆርቆሮ ላይ የቱናው ዓይነትም፣ የተያዘበት መንገድም አልተጻፈም። መጻፍ ነበረበት።

ትናንት ለአጎቴ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና «የመረቡ ዓይን ስንት ጣት ያስገባል?» አለኝ። መረቡ እንደ ሐይቅ መረብ ተዘርግቶ የሚጠብቅ ሳይሆን፣ መንጋውን ዙሪያውን ከቦ ከታች እንደ ከረጢት የሚቋጠር መሆኑን አስረዳሁት።

«እንግዲያ ትንሹስ በየት ይወጣል?» አለ።