ሴኡል ከወረፋው ውስጥ ስትታይ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን።

ስለ ሴኡል ላወራችሁ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ማንን አየሽ? ኮንሰርት ገባሽ?" ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ ማንንም አላየሁም። ዘፋኝ የለ፣ የድራማ ተዋናይ የለ። የኮንሰርት በር ጋም አልደረስኩም። ግን ይሄ ኬ-ፖፕ የሚሉት የኮሪያ ሙዚቃ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው። የገባኝም ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። መድረክ ላይ ያሉትንማ እዚህ ሆነንም በዩቲዩብ እናያቸዋለን። ታች ያሉትን፣ አድናቂዎቹን ለማየት ግን መሄድ ያስፈልጋል።

የሄድኩት ብቻዬን ነው። ጓደኞቼ "ኮሪያ ምን አለሽ?" ነበር ያሉኝ። አለኝ እንጂ። አስራ ስድስት ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ አለችኝ፤ ቢቲኤስ ከተባለ፣ የኮሪያው የዘፋኞች ቡድን፣ ሞቷ ነው። የቤታችንን ሰው ሁሉ ኮሪያኛ ድራማ ያስለመደችው እሷ ናት። ስሄድ ሽቶ አላለችም፣ ጫማ አላለችም። "አክስትዬ፣ የጂሚንን ፎቶ ካርድ" ብቻ። ጂሚን ከቢቲኤስ ልጆች አንዱ ነው።

ፎቶ ካርድ ለማታውቁ፦ ኮሪያ ውስጥ አልበም ስትገዙ የምታገኙት ሲዲ ብቻ አይደለም። መታወቂያ የምታክል የአንድ አባል ፎቶ ውስጡ ትኖራለች። የማን እንደምትደርሳችሁ ግን ማሸጊያው እስኪቀደድ አይታወቅም። ቡድኑ ሰባት ሰው ነው፣ እናንተ የምትፈልጉት አንዱን ነው። እንግዲህ አስቡት። ሰዉ ያንኑ አልበም ደጋግሞ ይገዛል።

ሆንግዴ የሚባል ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ነበረች። ማሸጊያውን በጥፍሯ ቀደደችው። ሲዲውን ዞር ብላም አላየችው። ካርዷን ጠርዝ ጠርዟን ይዛ አወጣችና ጭረት እንዳይነካት ላስቲክ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ ኬኳ መጣ። አልበላችም። ካርዷን ከብርጭቆው ጋር አስደግፋ ከኬኩ ጋር ፎቶ አነሳቻት፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን። ሹካ ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው። የዚች ልጅስ ጉድ ነው ብዬ ቀና ስል፣ በሌሎቹ ጠረጴዛዎችም ያው ነው።

ለነገሩ ካፌው የዚያን ቀን ተራ ካፌ አልነበረም። ቀኑ ኦክቶበር 13 ነው፣ በኛ ጥቅምት 3። የጂሚን ልደት። የልደት ካፌ ይሉታል። አድናቂዎች አንድ ካፌ ለጥቂት ቀን ይይዛሉ። ግድግዳውን በፎቶው ይሸፍኑታል፣ በር ላይ ባነር ይሰቅላሉ፣ ፊቱ ያለበት የወረቀት ኩባያ ማቀፊያ ያሳትማሉ። እናንተ ቡናችሁን ትገዛላችሁ፤ ማቀፊያውና ካርዱ ምርቃት ነው። ባለልደቱ አይጠበቅም። የዘፋኙ ኩባንያም እጁ የለበትም። እርግጥ ኮፍያና ማስክ አድርገው የራሳቸውን ልደት ካፌ በድብቅ ጎብኝተው የሄዱ ዘፋኞች አሉ። ስለዚህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ቀና ይላል። እኔም ቀና አልኩ። ምን ላድርግ።

ወረፋው ከፎቅ ደረጃውን ወርዶ መንገድ ላይ ወጥቷል። ግፊያ የለ፣ "ቦታዬን ያዢልኝ" የለ። ቁጥር የምታድለው ሴት የካፌው ሠራተኛ መስላኝ ነበር። በስልክ ማስተርጎሚያ ስናወራ ለካ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። "ገንዘቡስ ከየት ነው?" አልኳት። ስልኳን ከፍታ ኤክሴል አሳየችኝ። ገቢ፣ ወጪ፣ የማተሚያ ቤት፣ የባነር፣ የኬክ። ደረሰኞቹ አንድ በአንድ ፎቶ ተነስተው ተያይዘዋል። ያዋጣው ሁሉ እንዲያየው ይለጠፋል፤ የተረፈች ሳንቲም እንኳ ተመዝግባለች።

እኔ እዚያ ያየሁት የጽዋ ማኅበር ነው። ሙሴ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ጻድቁ ብቻ ነው የተለየው። ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ራሷ ሌላ ሆነችብኝ። ሜትሮ ጣቢያዎቹ ውስጥ የዘፋኝ ፎቶ ያለባቸው ትልልቅ ማስታወቂያዎች አሉ። ቀርባችሁ ስታዩት የሚሸጥ ነገር የለም፤ "እንኳን ተወለድክ" ነው የሚለው። ከፋዮቹ አድናቂዎች ናቸው። አላፊ አግዳሚውም ትንንሽ ወረቀት ላይ ምኞቱን ጽፎ ጠርዙ ላይ ይለጥፋል።

የልጆች ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ኢም ዮንግ-ኡንግ የሚባል ዘፋኝ አለ። ትሮት የሚሉትን የቆየ ስልት ነው የሚዘፍነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በቴሌቪዥን ውድድር አንደኛ ወጥቶ ነው አገሩን ያጥለቀለቀው። የእሱ አድናቂዎች በብዛት የእናቴ እኩዮች ናቸው። ውሃ ሰማያዊ መለያቸው ነው። ባቡር ውስጥ አገኘኋቸው፤ ጃኬቱ ውሃ ሰማያዊ፣ ኮፍያው ውሃ ሰማያዊ፣ ቦርሳው ላይ የልጁ ፎቶ ተንጠልጥሏል። የሴኡል ባቡር ውስጥ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም። እነሱ ግን ይስቃሉ፣ ይጎሻሸማሉ፣ ማንም አይናገራቸውም። እናቴን ብወስዳት በሁለተኛው ቀን ጃኬቱን ገዝታ ታገኝ ነበር።

አርብ ጠዋት ዮዪዶ ሄድኩ። ዮዪዶ ሀን ወንዝ ውስጥ ያለ ደሴት ነው። ኬቢኤስ ቴሌቪዥን እዚያ ነው፤ አርብ አርብ የሙዚቃ ፕሮግራም አለው። ዘፋኞቹ ሲገቡ ለማየት ሰዉ በጠዋት ይሰለፋል። ፎቶ አንሺዎቹ አድናቂዎች መሰላል ይዘው ነው የሚመጡት። ቀለም ቀቢ የሚይዘውን ዓይነት አጭር መሰላል። ላዩ ላይ ወጥተው ክንድ የሚያክል ሌንስ ይደግናሉ። የኔን ዕጣ ገምቱት፤ የሰው ጀርባ አየሁ።

ከኬቢኤስ ወጣ ብላችሁ ትንሽ ስትራመዱ ፓርላማው አለ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ማታ ፕሬዚዳንት ዩን ሶክ-ዮል ወታደራዊ አዋጅ ያወጁ ጊዜ፣ የምክር ቤቱ አባላት አንዳንዱ አጥር ዘሎ ገብቶ፣ 190 ለ0 በሆነ ድምፅ ውድቅ ያደረጉት እዚያ ነው። አዋጁ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው የቆየው። በቀጣዮቹ ቀናት ሰዉ "ይውረዱ" ብሎ ፓርላማው ፊት ወጣ። የዲሴምበር ብርድ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ወጣት ሴቶች በብዛት ነበሩበት። እጃቸው ላይ ምን ነበር? ላይትስቲክ።

ላይትስቲክ ማለት አድናቂ ኮንሰርት ላይ የሚያውለበልበው መብራት ነው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ቅርጽ አለው። ከኮንሰርቱ በፊት በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ ከመድረኩ በኩል በሚላክ ምልክት አዳራሹ ሙሉ ባንድ ጊዜ ቀለም ይቀይራል። ከዓመታት በፊት በነበረው ትልቅ ሰልፍ ሰዉ ሻማ ነበር የያዘው። አሁን ያለውን ይዞ ወጣ። የዘፈኑትም ገርልስ ጀነሬሽን የሚባሉት ሴት ዘፋኞች እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀምሩ ያወጡትን ዘፈን ነው። ሰልፉ ላይ መገኘት ያልቻለው ደግሞ ካለበት ሆኖ አካባቢው ያሉ ካፌዎች ጋ ለማያውቀው ሰልፈኛ የቡና ሂሳብ አስቀድሞ ይከፍላል። "በዚህ ስም የተከፈለ አለ" ብሎ መውሰድ ነው። በኋላም፣ እ.ኤ.አ. አፕሪል 4 ቀን 2025፣ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን አነሳቸው።

ይሄን ያኔ በዜና አይቼው ነበር። የወጣቶች ጨዋታ፣ ለካሜራ የሚሆን ነገር ነበር የመሰለኝ። ያቺን ኤክሴል ካየሁ በኋላ ግን እንደዚያ ማሰብ አልቻልኩም። ወረፋ መያዝ፣ ገንዘብ ማዋጣት፣ ደረሰኝ መለጠፍ፣ ብርድ ላይ ለሰዓታት ቆሞ እኩል መጮህ። ልጆቹ ይሄን ሁሉ ለዓመታት ሲሠሩት የኖሩት ነው። ማንም ማደራጀት አላስፈለገውም፤ ተደራጅተው ነው የመጡት።

ሁሉም ጥሩ ነው እያልኩ ግን አይደለም። እነዚህ ሰዎች የኩባንያን ዕቃ በገዛ ገንዘባቸው እያስተዋወቁ ነው። ማስታወቂያውን የሚከፍሉት እነሱ፣ አልበሙን ደጋግመው የሚገዙት እነሱ። ኩባንያው ካርዱን በዕጣ ያደረገው ለምን እንደሆነ ለመገመት የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም። ሲዲውስ? ማን ቤት ነው ዛሬ ሲዲ ማጫወቻ ያለው? ስመለስ ለእህቴ ልጅ ይሄን ተንትኜ ነገርኳት። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና "እናውቃለን እኮ አክስትዬ" አለች። እናውቃለን። እያወቁ መሆኑ ይሻላል ወይስ ይብሳል? እስካሁን አልወሰንኩም።

አሁን ወደ ሆዴ ልመለስ። ብቻችሁን ለመሄድ ያሰባችሁ ይሄን ስሙኝ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ጉግል ማፕ እዚያ በእግር መንገድ አይመራም ነበር፣ የኮሪያዎቹን ኔይቨር ማፕ አውርዱ። ሥጋ ጥብስ ካማራችሁ ደግሞ ሰው ፈልጉ። ጠረጴዛው መሀል እሳት ያለበት አንድ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ "ስንት ናችሁ?" በሚል ጣቶቿን አወጣች። አንድ ጣት አሳየኋት። ሁለት ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጣመረችልኝ። አይሆንም ማለት ነው። ጥብስ ቤት ብዙ ጊዜ ትዕዛዝ የሚቀበለው ከሁለት ሰው ጀምሮ ነው። እኛ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እንላለን፤ እዚያ ብቻውን የሚበላ ሾርባ ይበላል።

የሚገርመው ከሦስት ቤት አንዱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ሰው ብቻውን የሚኖርበት አገር ነው። ስለዚህ ከጥብሱ በቀር ለብቸኛ ሰው ያልተዘጋጀ ነገር የለም። በየጥጉ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ሚኒ ማርኬት አለ። መስኮቱ ጋ ፊታችሁን ወደ ውጭ የምታዞሩበት ወንበር ተደርድሯል፤ ኢንዶሚያችሁን እዚያው አፍልታችሁ ትበላላችሁ። ሀን ወንዝ ዳር ያሉት ደግሞ በፎይል ሳህን የሚቀቅል ማሽን አላቸው፤ ቁልፉን ተጫኑ፣ ውሃው ራሱ ይመጣል። ካራኦኬም በሳንቲም አለ፤ ሁለት ሰው በግድ የምትይዝ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ለራሳችሁ ትጮሃላችሁ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰውዬ የኮሪያ የፍቅር ዘፈን እያለቀሰ ያወርደዋል። ማሽኑ ለኔ 96 ሰጠኝ። ድምፄን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ማሽኑ ሰው አክባሪ ነው።

በመጨረሻ ቹንቾን የምትባለው ከተማ። ይሄን ሳላወራ ብዘጋ አያቶቼ ይታዘቡኛል። ከዮንግሳን ጣቢያ ባቡር ያዝኩ። የቢቲኤስ ኩባንያ የሃይብ ሕንጻ ያለው እዚያው ዮንግሳን ነው፤ ጠዋት የሕንጻውን በር ፎቶ ከሚያነሱት ጋር ቆሜ፣ ከዚያ ነው በኮሪያ ጦርነት ወደዘመተው ወደኛ ቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ የሄድኩት። ቹንቾን ላይ ኮንጂቾን የሚባል ውሃ ዳር የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመረቅ ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት አጠገቡ የኢትዮጵያ ቤት የሚል ካፌ ተከፈተ፤ ዛሬም ቡና ይሸጣል። ከመንገዱ ማዶ ጣሪያው እንደኛ ጎጆ የተሠራ መታሰቢያ ቤት አለ። ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ነው ፑሳን የደረሰው። በየተራ የዘመተው 6,037 ሰው ነው፣ ከ120 በላይ እዚያው ወድቋል፣ አንድም የተማረከ የለም።

ካፌው ውስጥ ከኔ ሌላ ጥንዶች ነበሩ። ልጅቷ ቡናዋ ሲመጣ ከቦርሳዋ ፎቶ ካርድ አወጣች። ስኒው አጠገብ አቆመችና አነሳች። ከኋላ ግድግዳው ላይ የኛ ወታደሮች ፎቶ አለ፤ ፍሬሙ ውስጥ ሳይገቡላት አልቀሩም። ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ቹንቾን የታወቀችበት ምግብ ታክካልቢ ነው፤ ዶሮ በበርበሬ፣ ከጎመን ጋር ትልቅ መጥበሻ ላይ። ምሳ ሰዓት ገባሁ። "ከሁለት ሰው ጀምሮ ነው" አሉኝ። ሁለት አዘዝኩ። ጨረስኩት።

በሉ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ። ቻው።