አጥር ሥር የቆመ ተሳቢ፦ የአድማጮች ጥያቄና የሕግ ባለሙያ መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ወሰን ካወራን ወዲህ ስልኩ ዕረፍት የለውም። የሚገርመው፣ ደዋዮቹ ያነሡት መሬቴ ተወሰደ የሚለውን ሳይሆን አጥር ሥር የሚቆም መኪናን ነው። ደብረ ብርሃን የደሴ መንገድ ከተማ ናት፤ ባለመኪናው በዝቷል፣ ግቢው ደግሞ ጠቧል።

አንዲት እናት ከጠባሴ፦ «ጎረቤቴ ተሳቢውን ከመኪናው ፈትቶ ከአጥሬ ጋር አጣብቆ ያቆመዋል። የእሱ ግቢ ከእኔ ከፍ ይላል። መሐላችን ያለው የድንጋይ ካብ ዘንድሮ ክረምት ወደ እኔ ሆዱን ነፍቷል። ብነግረው ‹የቆመው በካርታዬ ውስጥ ነው፤ ምን አገባዎት› አለኝ። እውነት አያገባኝም?»

ያገባዎታል እናቴ። በራስ ግቢ ማቆም መብት ነው። ጎረቤትን መጉዳት ግን በካርታ ውስጥ ሆነው ቢያደርጉትም መብት አይሆንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለይዞታ በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ስለዚህ «ስንት ሜትር ይራቅልኝ» ከሚለው ሙግት ወጥተው «ካቤ እየተገፋ ነው» የሚለውን ይያዙ። ተሳቢው ግቢዬን አስቀየመብኝ ብለው ቢከሱ ብዙም አይራመዱም፤ በካቡ ግን ይሰማሉ።

ባዶ ተሳቢ እንኳ ብዙ ቶን ነው። ክብደቱ ቀጥ ብሎ ብቻ አይወርድም፤ በአፈሩ ውስጥ ወደ ጎን እየሰፋ ነው የሚወርደው። ካብ ጫፍ ላይ የቆመ ጎማ ካቡን የሚገፋው ለዚህ ነው። ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግፊቱ በዚያ ላይ ይጨመራል። ግንበኞችና መሐንዲሶች በግምት የሚጠቀሙባት መለኪያ አለች፦ ካቡ ሜትር ተኩል ከፍታ ካለው ጎማው ቢያንስ ሜትር ተኩል ይራቅ። ሕግ አይደለችም፤ ሽማግሌ ፊት ግን ከጩኸት የተሻለች ናት።

አሁን ከስልኩ እንደወረዱ የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ካቡ አናት ላይ አጣና አጋድመው ወደ እርስዎ ወጣ ካለው ጫፍ ቱንቢ ይልቀቁ። ቱንቢ ከሌለ ሲባጎ ላይ የታሰረ ድንጋይ ይበቃል። ከሲባጎው እስከ ካቡ ሆድ ያለውን በሜትር ይለኩ፣ ፎቶ ያንሡ፣ ቀኑን ይጻፉ። አጣናው ያረፈበትን ድንጋይም አጣናውንም በቀለም ምልክት ያድርጉና ከወር በኋላ ምልክቱን ገጥመው እዚያው ላይ ይድገሙት። ቁጥሩ ካነሰ የካቡ ሆድ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው ማለት ነው። የልጅ ልጆች ካሉ እስከዚያው ካቡ ሥር አይጫወቱ።

በሽማግሌ ካልሆነ መንገዱ የሁከት ይወገድልኝ ክስ ነው፣ ቁጥር 1149። ይህን ክስ ሁከቱ በተጀመረ በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለብዎት። ካቡ ፈርሶ ካሳ የሚጠይቁ ከሆነም ጊዜው ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው። ሽማግሌ «ለሚቀጥለው እሑድ» እያለ ሲያመላልስዎ ሽምግልናው ቀኑን ያቆምልኛል ብለው አይተማመኑ። ሽምግልናን አልጠላም፣ እኔም እቀመጣለሁ፤ የተስማሙበትን ግን በወረቀት አስፍረው ያስፈርሙ።

ወጣት የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከደብረ ብርሃን፦ «ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ ሞተር አሞቃለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ‹ጭሱ መኝታ ቤቴ ገባ፣ እከስሃለሁ› አሉኝ። በዚህ ውርጭ መኪና ሳይሞቅ ይሄዳል እንዴ?»

ያው ቁጥር 1225 ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና ንዝረትን በስም ይጠራል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ካለፉ ክልክል ናቸው። ልኩን ለመለየት የአካባቢው ልማድ ይታያል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እዚህ ለማንም አዲስ ስላልሆነ ሞተር ማስነሣትህ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ግን ስንት ደቂቃ? ግማሽ ሰዓት ካልክ እትዬ እውነት አላቸው። የፍሬኑ አየር እስኪሞላ መጠበቅህ ግድ ነው፣ እሱም ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ ከማጓራት ቀስ ብሎ መሄድ ሞተሩን ቶሎ ያሞቀዋል። ማታ ስትገባ ደግሞ የጭስ ማውጫው ከመስኮታቸው እንዲዞር አድርገህ አቁም። ይህን አድርገህ፣ ነገ ጠዋት በራቸውን አንኳኩተህ «እትዬ፣ እንዲህ አድርጌያለሁ» በላቸው። እኔም የሹፌር ጎረቤት ነኝ፤ ከጭሱ ይልቅ የሚያናድደው ‹ምን ታመጣለህ› ነው።

ከሸዋ ሮቢት አንድ አባት፦ «በእኔና በጎረቤቴ መሐል ባለ መተላለፊያ አይሱዙውን 6 ዓመት ሲያቆም ኖረ። አሁን ‹በእጄ ስለቆየ የእኔ ነው› ይላል። ጎማውን ባስተነፍስለትስ?»

መጀመሪያ ጎማውን ይተዉት። ካስተነፈሱት ነገ ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ። መኪና በማቆም መሬት የእኔ ማለት የለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። መተላለፊያው በከተማው ፕላን ላይ መንገድ ከሆነ አቤቱታውን ለማዘጋጃ ቤት ያቅርቡ፤ የሕዝብ ነውና ሸክሙን ብቻዎን አይያዙ። በእርስዎ ካርታ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። 6 ዓመት ዝም ስላሉ የሁከት ክሱን ጊዜ አልፎበታል ብሎ ይከራከርዎታል። በካርታዎ ላይ ተመሥርተው ይዞታዎን የሚጠይቁበት ክስ ግን ሌላ ነው፣ ካርታውን ይዘው ጠበቃ ያነጋግሩ።

ከመሐል ሜዳ አንዲት እናት፦ «ልጄ አሜሪካ ናት። ጎረቤቷ ካምፐር ትሬለር የሚሉትን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን ተጎታች ቤት፣ ወሰኗ ላይ ገትሮባታል። የእናንተ ሕግ ይሠራላታል?»

የኛው አይሠራላትም። እዚያ እንደ ከተማው ይለያያል፤ ከወሰን ስንት ይራቅ፣ ፊት ለፊት ይቁም አይቁም፣ ሰው ይደርበት አይደርበት የሚለውን ብዙ ጊዜ የከተማው ደንብ ይወስናል። በአንዳንድ ሰፈር ደግሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ውል አለ፣ ከከተማው ይልቅ የሚጠብቅ። ሁለቱን ጠይቃ ታንብብ። ከመጨቃጨቋ በፊትም ወሰኑን ፈቃድ ባለው ቀያሽ ታስለካ፤ አጥሩ ወሰኑ ላይ ላይሆን ይችላል።

ይህ እዚህም ይሠራል። ደብረ ሲና አንድ ሽምግልና ላይ ተቀምጬ፣ ከሳሹ «ተሳቢው ወሰኔን ነካ» እያለ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተጨቃጨቅን በኋላ ካርታው ወጣና ተለካ። አልፎ የገባው የከሳሹ የራሱ አጥር ነበር፣ ሰማንያ ሳንቲም። ካርታውን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ቡናው አልደረሰም?» አለ።