ባሏ የሞተባት እናት በገና ፊልም ውስጥ፦ ተመልካቾች የማይስማሙበት ምክንያት

(በምስል፦ በበረዶ የተሸፈነች ትንሽ ከተማ፤ በመብራት ያሸበረቀ የእንጨት ቤት፤ የገና ዛፍ የሚያስጌጡ እናትና ልጅ።)

ውድ ተመልካቾቻችን፣ በአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ከሚተላለፉት የገና የፍቅር ፊልሞች መካከል አንድ ታሪክ በየዓመቱ ይመለሳል። ባሏ የሞተባት እናት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች፤ ገና ሲቃረብ አንድ እንግዳ ሰው ወደ ሕይወታቸው ይገባል፤ ልጁ ይወድደዋል፤ እናትየው ታመነታለች፤ በመጨረሻም በረዶ እየጣለ ይሳሳማሉ። ታሪኩ ይህን ያህል የታወቀ ሆኖ ሳለ ስለ እሱ የሚሰጠው አስተያየት ግን ሰማይና ምድር ነው። አንዱ ተመልካች እንባውን ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ሊያየው ሲፈልግ፣ ሌላው የሐዘንተኞችን ስሜት የሚያራክስ ሥራ ነው ይላል። በዚህ ቪዲዮ የምንመረምረው ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመነጭ ነው።

በመጀመሪያ በጣም የተለመደውን ቅሬታ እንመልከት፤ እሱም መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል የሚለው ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፊልሞቹ ሆን ተብለው እንዲህ ይሠራሉ። በእነዚህ ፊልሞች የታወቀው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሆልማርክ ቻናል «ካውንትዳውን ቱ ክሪስማስ» የተሰኘውን የበዓል መርሐ ግብሩን በ2009 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ወዲህ በየዓመቱ በርካታ አዳዲስ ፊልሞችን ያቀርባል። አብዛኞቹ በካናዳ፣ በተለይም በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ይቀረጻሉ፤ ብዙ ጊዜ ቀረጻው በበጋ ሙቀት ስለሚካሄድ በረዶው ሰው ሠራሽ ነው። ተዋናዮቹ በካፖርትና በሻርፕ ተጠቅልለው ሲነጋገሩ ከአፋቸው እንፋሎት አለመውጣቱን ያስተዋሉ ተመልካቾች ትክክል ናቸው። የሁለት ሰዓቱ የስርጭት ጊዜ ደግሞ በማስታወቂያ የሚቆራረጥ በመሆኑ ለፊልሙ የሚተርፈው 85 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ በፊት ተመልካቹን የሚያቆይ ነገር ማስቀመጥ አለበት። ሊሳሳሙ ሲሉ ስልክ የሚጮኸው፣ ወይም ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው በአንድ አለመግባባት የሚኳረፉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ ተመልካቹም ያውቀዋል፤ ብዙዎች ፊልሙን የሚወድዱት ደግሞ መጨረሻው ስለማያስደነግጣቸው ነው። በእኔ እምነት በዚህ ረገድ ፊልሞቹን መውቀስ ብዙም አያራምድም።

ዋናው ክርክር ያለው በሟቹ ባል ላይ ነው።

(በምስል፦ በምድጃው ግምብ ላይ የተቀመጠ የአንድ ወጣት ሰው ፎቶግራፍ።)

በእነዚህ ፊልሞች ሟቹ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ሆኖ ይቀራል። ምን እንደሚያናድደው፣ በምን እንደሚስቅ፣ ከሚስቱ ጋር በምን ይጣሉ እንደነበር አይነገረንም። ከዚያም አማቷ ወይም እኅቷ «እሱም ቢሆን ደስ ብሎሽ እንድትኖሪ ይፈልግ ነበር» ትላታለች፤ በቀጣዩ ትዕይንት መበለቲቱ ከእንግዳው ሰው ጋር ብስኩት ትጋግራለች። የትዳር ጓደኛቸውን በሞት የተነጠቁ ተመልካቾች ራሳቸው በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ማንም ያልነገራቸውን ቃል ከቴሌቪዥን እንደሰሙ ይቆጥሩታል፤ ሌሎቹ ደግሞ የዓመታት ሥራ በአንድ አባባል ሲጠናቀቅ ማየት ያሳምማቸዋል። እኛ አርባውን፣ ሰማንያውንና ሙት ዓመቱን ቆጥረን፣ ከጎረቤትና ከዕድር ጋር ለቅሶ ተቀምጠን ላደግን ሰዎች ደግሞ የመበለቲቱ ብቸኝነት ከሁሉ በላይ ይከብደናል፤ ሐዘኗን የሚጋራ ዘመድ የለም፣ ከሐዘን የምትወጣበትም የታወቀ ቀን የለም፤ ስለዚህ ያን ሁሉ ሥራ አንድ እንግዳ ወንድ እንዲሠራው ይጠበቃል።

ጉዳዩን ቀረብ ብለን ለማየት አንድ የቆየ ምሳሌ ይጠቅመናል። በ1949 እ.ኤ.አ. ለሲኒማ የተሠራውና በ1996 እ.ኤ.አ. ለቴሌቪዥን በድጋሚ የተሠራው «ሆሊደይ አፌር» ስለ እንዲህ ያለች እናት ነው። በመጀመሪያው ፊልም ጃኔት ሊ የተጫወተቻት ኮኒ ባሏን በጦርነቱ አጥታለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ400,000 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ስለሞቱ፣ በጊዜው ፊልሙን ሊያዩ ከገቡት መካከል የኮኒ ዓይነት ሕይወት እንግዳ የሚሆንበት ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን ለጸሐፊዎች የባል ሞት አመቺ መነሻ ሆኗል፤ የፈታችው ባል ቢሆን ተመልሶ ይመጣል፣ ጥፋቱ የማን እንደነበር ይጠየቃል፣ ሟች ግን ማንንም አያስቸግርም። የተመልካቾች ቅሬታ ግማሹ የሚነሣው ከዚህ ይመስለኛል።

ኮኒ የምትሠራው ለአንድ የገበያ አዳራሽ ነው፤ ተራ ሸማች መስላ ወደ ተፎካካሪ መደብሮች እየገባች ዕቃቸውንና ዋጋቸውን ታጣራለች። ወደ 80 ዶላር የሚጠጋ የአሻንጉሊት ባቡር ገዝታ በማግስቱ ልትመልስ ስትመጣ፣ ሮበርት ሚቸም የተጫወተው ሻጩ ስቲቭ ማንነቷን ያውቅባታል። ሊያጋልጣት ሲገባው ባሏ የሞተባትና ልጅ የምታሳድግ መሆኗን ሰምቶ ይተዋታል፤ እሱ ግን ከሥራው ይባረራል። በዚህ ፊልም ገንዘብ እውነተኛ ነገር ነው፤ ባቡሩም ውድ ነው፣ ሥራ ማጣትም ያስርባል። በዛሬዎቹ ፊልሞች መበለቲቱ ትልቅ ቤት ውስጥ ስትኖር የቤቱ ዕዳ በምን እንደሚከፈል የሚጠይቁ ተመልካቾች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ የባል ሞት ሐዘን ብቻ ሳይሆን የገቢ መቋረጥም ነውና።

ከሁሉ በላይ ግን ፊልሙ ልጁን የያዘበት መንገድ ሊጠና ይገባል። ኮኒ ትንሹን ልጇን ቲሚን እንደ አባወራ ትቆጥረዋለች፤ በጨዋታ መልክ ይሁን እንጂ የሟቹን ቦታ አሸክማዋለች። ስቲቭም ይህን አይቶ ልጁን የአባቱ ቅጂ ልታደርገው እየሞከረች መሆኑን ፊት ለፊት ይነግራታል። እሷ ትቆጣለች፤ መቆጣቷም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ገና ትናንት የተዋወቃት ሰው ነው እንዲህ የሚናገራት። እዚህ ላይ ተመልካቾች ይከፈላሉ፤ አንዳንዶች ስቲቭን ደፋርና እውነተኛ ይሉታል፣ ሌሎች ደግሞ የሰው ሐዘን ውስጥ ያለ ፈቃድ የገባ ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱም አስተያየት ትክክል ነው እላለሁ፤ ትዕይንቱ ጥሩ የሆነውም ለዚህ ነው። በዛሬዎቹ ብዙ ፊልሞች ልጁ የእናቱ አገናኝ ሆኖ ይሠራል፤ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሁለቱን ሆን ብሎ ያገናኛል፣ የእንጀራ አባት ሊመጣበት መሆኑ ግን አያስፈራውም። አባቱን ያጣ ልጅ እንዲህ ያለ ፍርሃት እንደሌለው አድርጎ ማሳየት፣ ከሰው ሠራሹ በረዶ ይልቅ የሚያስወቅስ ሐሰት ነው።

የመጨረሻው ክርክር ኮኒን ሊያገባ ስለሚፈልገው ስለ ካርል ነው። ካርል ጠበቃ ነው፤ ኮኒን ለረጅም ጊዜ በትዕግሥት የጠበቀ፣ ቋሚ ገቢ ያለው ደግ ሰው ነው። ብዙ ተመልካቾች ሥራ አጡን ስቲቭን መርጣ እሱን መተዋ ያበሳጫቸዋል፤ በኑሮ ስሌት ካየነው እውነት አላቸው። ሆኖም ኮኒ ካርልን ብታገባ ምንም ነገር መለወጥ አይጠበቅባትም ነበር፤ የሟቹን ቦታ ሳትነካ፣ ልጇንም በዚያው ወንበር ላይ እንዳስቀመጠች ትቀጥል ነበር። ይህን ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው ራሱ ካርል ነው። ኮኒ ወደ ስቲቭ ስትሄድ አብሯት እንዲገባ ስትለምነው፣ ከስቲቭ ጋር ብቻዋን መሆን እንደፈራች ያውቅና ይሰናበታታል። ጠብም ሆነ ክፉ ቃል የለም፤ የተሸነፈው ሰው ከአሸናፊው ይልቅ አስተዋይ ሆኖ የሚወጣበት ትዕይንት ነው፤ ለኔም የፊልሙ ምርጥ ክፍል እሱ ነው።