ኮሶውን ከመጽሐፋችን አናወጣም፦ የታሪክ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የማኅበራችን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ሲደረድሩ ለነበሩት ወጣቶቻችንና ቡናውን ላዘጋጁልን እናቶች ከልብ አመሰግናለሁ።

የዓመቱን ሥራ በአጭሩ ልበል። የንባብ ክበባችን ቀጥሏል። ለትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ሰጥተናል። የአባላት መዝገብ ታድሷል። እነዚህ ቀላል ሥራዎች አይደሉም፣ ኮርቼባቸዋለሁ። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያቀርቡታል።

እኔ መናገር የምፈልገው ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ ጉዳይ ነው። ስለ መጽሐፋችን፣ በውስጡም የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ኮሶ፣ ያንን መራራ የሆድ ትል መድኃኒት፣ ይሸጡ ነበር ስለሚለው ወሬ።

አምና እዚሁ ተቀምጠን በአንድ ድምፅ ወስነናል። በዘመነ መሳፍንት በታላላቆቹ ጥላ ሥር ስለኖሩት ትናንሽ የመኳንንት ቤቶች፣ ወጣቱ በሚገባው ቋንቋ እንጽፍ ተባብለናል። መጀመሪያ የመረጥነው ዐፄ ቴዎድሮስ የወጡበትን የቋራን ቤት ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ከዘውዱ በኋላ ብዙ ተጽፏል። እኛ የፈለግነው ዘውዱ ገና ያልታሰበበትን ጊዜ ነው።

ረቂቁ አልቋል። ያዘጋጁት ልጆች ከሥራ መልስ፣ ያለ ምንም ክፍያ ነው የጻፉት። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። በጣም ጥሩ ሥራ ነው።

ቋራ ቆላ ነው። ሙቀትና ወባ ያለበት፣ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን አገር። የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመድ ደጃዝማች ክንፉ ያንን ጠረፍ ይጠብቁ ነበር። በ1829 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል የመጣውን የግብፅ ጦር ድል አድርገዋል። እንዲህ ያለ ድል ቤታቸውን ያጸናዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። አላጸናውም። በ1831 ዓ.ም. ገደማ ሲሞቱ ደምቢያ ወደ ራስ አሊ እናት፣ ወደ እቴጌ መነን እጅ ገባች። ደምቢያ ማለት ጣናና ጎንደር አጠገብ ያለች የእህል አገር ናት። ያን ጊዜ ወታደር የሚቀለበው ከመሬት ነው። እህሉ የሄደበት መኮንን ስሙ እንጂ ጉልበቱ አይቀርም።

የዘመኑ አሠራር ይኸው ነበር። ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት ተቀምጠዋል፣ ሥልጣኑ ግን ደብረ ታቦር፣ ራስ አሊ ዘንድ ነው። የሚሾሙት እሳቸው፣ የሚሽሩትም እሳቸው። ትንሹ መኮንን ዝመት ሲባል ጦሩን ይዞ ይዘምታል። እምቢ ካለ አገሩ ለሌላ ይሰጣል። ራስ አሊም ቢሆኑ ገና በልጅነታቸው ተሹመው ከ20 ዓመት በላይ ከየአቅጣጫው ሲወጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ረቂቁ ይህንንም በቅንነት ይናገራል።

ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ያደገው በዚህ መሀል ነው። አባቱን በልጅነቱ አጣ። ገዳም ገብቶ ተማረ። ኋላም በቋራ በረሃ ሸፈተ። ጋብ እንዲል የራስ አሊን ልጅ፣ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ያስረዋል ብለው ነበር። ተዋበች ግን ከባሏ ጎን ቆመች። በ1839 ዓ.ም. ካሳ እቴጌ መነንን ራሳቸውን ማረካቸው። ራስ አሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ ደምቢያን መልቀቅ ግድ ሆነባቸው።

ወደ ጠባችን ልምጣ። የካሳ አባት ከሞቱ በኋላ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግረው ጎንደር ላይ ኮሶ ይሸጡ ነበር እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ጠላቶቹ በዚህ ነበር የሚሰድቡት። ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉ የእቴጌ መነን ሹም «ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣዋለሁ» ብለው ፎክረው ዘመቱ፣ ተሸነፉ፣ ካሳም ኮሶ አጠጣቸው ይባላል። ይህን ሁላችሁም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል።

ረቂቁ ሲሰራጭ ከአባሎቻችን ገሚሱ ደብዳቤ ጻፉ። የንጉሥ እናት ኮሶ ሻጭ ተብለው አይጻፉም፣ ይውጣ አሉ። መቃወም መብታቸው ነው። ግን ካልወጣ መዋጮ አንከፍልም ብለው ጨመሩበት። አልከፈሉምም። የወረቀት ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ታውቃላችሁ። ለማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ አጣን። መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልታተመም።

ያሳዘነኝ ተቃውሞው አይደለም። ደብዳቤውን ከፈረሙት ብዙዎቹ ምዕራፉን አላነበቡትም። ቢያነቡት ኖሮ ወሬው እንደ ተረጋገጠ ነገር እንዳልቀረበ ያዩ ነበር። ማን እንዳለው፣ ለምን እንዳለው፣ ስድቡ ማንን እንደጠቀመ ተጽፏል። ይህን ማውጣት የወንድይራድንም ነገር ማውጣት ነው። ከዚያ ምን ይቀራል? አንድ ጀግና ከሰማይ ወርዶ ዘውድ ጫነ የሚል ተረት ነው የሚቀረው። ያንን ደግሞ ልጆቻችን ጠግበውታል።

እስቲ አስቡት። ባል ሲሞት ሹመቱ አብሮ ይሄዳል። መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። ወይዘሮዋ ነገ ልጇን ምን ታበላለች? የታላቁ ጌታ ሥልጣን እስከ ጓዳ ድረስ እንዴት እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር በረቂቁ ውስጥ የለም። ደግሞስ እናት ሠርታ ልጅ ማሳደጓ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ነን በጉሊት ገንዘብ የተማርነው? እናቶቻችንን ልንደብቃቸው ነው?

አሁን የምናገረው ዛሬ ላልመጣችሁት ነው። በቴሌግራም ግሩፓችን እስከ እኩለ ሌሊት የምትከራከሩ፣ ስብሰባ ሲጠራ ግን የምትጠፉ አባሎቻችን፣ ይህ ንግግር እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁ። ወንበራችሁ ባዶ ነው። መጥታችሁ ብትሞግቱኝ እመርጥ ነበር። በተለይ እርስዎ ጋሼ፣ ይህን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነዎት። የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው በእርስዎ ሳሎን ነው። ስልክ ስደውል አያነሱም፣ ሰው ብልክብዎም መልስ አይሰጡም። ምዕራፉ ውስጥ የማይስማሙበት ነገር ካለ በራስዎ ስም ይጻፉት፣ ከመጽሐፉ መጨረሻ ቃል ሳይቀነስ እናትመዋለን። ይህን ቃል የምገባው በጉባኤው ፊት ነው፣ በቃለ ጉባኤም ይያዝልኝ።

በኅዳር 1845 ዓ.ም. ራስ አሊ የካሳን አገር ለጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ሰጥተው ነበር፣ ጎሹም ጉር አምባ ላይ ወደቁ። በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ አሊ ራሳቸው ተሸነፉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ልጅ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ጫነ። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ሁለተኛውን ቅጽ የሚጽፉት ልጆች ተዘጋጅተው የእኛን ውሳኔ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ሳይታተም ሁለተኛውን ጀምሩ ለማለት አፍ የለኝም።

የአከራካሪው ምዕራፍ ቅጂ አሁን ይታደላል። ከሻይ በፊት አንብቡት፣ አጭር ነው። ከሻይ በኋላ ውይይት ይደረግና ድምፅ እንሰጣለን። ይውጣ ካላችሁም ውሳኔያችሁን አከብራለሁ፣ ግን አንብባችሁ ወስኑ። ገንዘብ ያዣችን በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፣ ውዝፍ መዋጮ ያለባችሁ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል።