የአዮኒክ ውህዶችን ስም ያለ ሽምደዳ

ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በሁለት ስሞች ልጀምር፤ ባሪየም ሰልፌት እና ባሪየም ሰልፋይድ። የመጀመሪያውን የጨጓራ ራጅ የሚነሳ ሰው ይጠጣዋል። ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ወደ ደም ሳይገባ እንደገባ ይወጣል። ራጁ ላይ ግን የጨጓራውን ቅርጽ አጉልቶ ያሳያል። ሁለተኛው መርዝ ነው። «ስም አወጣጥ ለፈተና ብቻ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እነዚህን ሁለቱን ጥቀሱለት።

ብዙ ተማሪ ይህን የአዮኒክ ውህዶች ስያሜ ምዕራፍ በሽምደዳ ሊወጣው ይሞክራል። ፈተናው ሲያልፍ ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋል። እኔ ግን የሚሸመደደው ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው ባይ ነኝ። አዮኒክ ውህድ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጅ ካላቸው አዮኖች የተሠራ ነው። ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ቻርጅ ሲደመር ዜሮ መምጣት አለበት።

አሉሚኒየም ኦክሳይድን እንውሰድ። አሉሚኒየም ሦስት ፖዘቲቭ፣ ኦክሳይድ (የኦክስጅን አዮን) ሁለት ኔጋቲቭ ነው። ሦስትና ሁለት የሚገናኙት ስድስት ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት አሉሚኒየምና ሦስት ኦክሳይድ ያስፈልጋል። ቀመሩ ኤኤል ሁለት፣ ኦ ሦስት ሆነ ማለት ነው። ስሙ ላይ ብዛት አልተጠቀሰም፤ ስላላስፈለገ ነው። ቻርጃቸውን የሚያውቅ ሰው ብዛቱን ራሱ ያወጣዋል።

የቻርጅ ቁጥሮቹን አቀያይሮ ወደ ታች የማውረድ አቋራጭ አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አልጠላውም። ሳያስቡ ሲጠቀሙበት ግን ጉድ ይሠራል። ማግኒዥየም ሁለት፣ ኦክሳይድም ሁለት ነው። ብታቀያይሩት ኤምጂ ሁለት፣ ኦ ሁለት ይላችኋል። አንድ ለአንድ ሲሆኑ ዜሮ መጥቷል እኮ! ትክክለኛው ኤምጂኦ ነው። አዮኒክ ውህድ ክሪስታሉ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ የሚቆም ሞለኪውል የለውም። ስለዚህ በትንሹ ሬሾ እንጽፈዋለን።

ስሞቹ መልክ የያዙት እ.ኤ.አ. በ1787 ነው። ላቮአዚዬን ጨምሮ አራት የፈረንሳይ ኬሚስቶች አዲስ የስያሜ ሥርዓት አሳተሙ። ከዚያ በፊት «የእርሳስ ስኳር» የሚባል ነገር ነበር። መርዝ ነው! የዛሬ ስሙ ሊድ ሁለት አሲቴት ይባላል (ሊድ እርሳስ ነው፤ ሁለቷ ብዛት ሳትሆን የሊድ ቻርጅ ናት፣ እንመለስባታለን)፤ ምን ምን እንዳለበት ስሙ ራሱ ይነግራችኋል።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው ብረት ላይ ነው። ብረት ሁለት ፖዘቲቭም ሦስት ፖዘቲቭም ይሆናል። «አይረን (ብረት) ክሎራይድ» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፤ የትኛው? ስለዚህ ቻርጁን በሮማ ቁጥር ቅንፍ ውስጥ እናስገባለን። ይህን እ.ኤ.አ. በ1919 ያቀረበው ጀርመናዊው አልፍሬድ ሽቶክ ነው። ፌረስ (ለሁለት ፖዘቲቩ) እና ፌሪክ (ለሦስት ፖዘቲቩ) የሚሉት የድሮ ስሞችም አልጠፉም፤ ታገኟቸዋላችሁ።

አሁን ኤፍኢ (የብረት ምልክት ነው) ሁለት፣ ኦ ሦስትን ስም አውጡለት ስል «አይረን ሁለት ኦክሳይድ» የሚል ድምፅ ይበዛል። ከኤፍኢ ግርጌ ያለችው ሁለት ግን ብዛት ናት። የሮማ ቁጥሩ የሚናገረው ቻርጅን ነው። ከማይለዋወጠው፣ ከኦክስጅን ተነሱ። ሦስት ኦክሳይዶች በድምሩ ስድስት ኔጋቲቭ ናቸው። ስድስቱን ሁለት ብረቶች ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ ሦስት ይደርሰዋል። መልሱ አይረን ሦስት ኦክሳይድ ነው።

ሽምደዳ የግድ የሚሆንበት ቦታም አለ። ናይትሬት፣ ሰልፌት፣ ካርቦኔት፣ ፎስፌት፣ አሞኒየም፤ እነዚህን ከነቻርጃቸው ያዟቸው። ትንሽ የሚያግዝ ነገር ልንገራችሁ። በ«ኤት» የሚጨርሰው በ«አይት» ከሚጨርሰው በኦክስጅን ይበልጣል። ናይትሬት ሦስት፣ ናይትራይት ሁለት ኦክስጅን አላቸው፤ ቻርጃቸው ያው አንድ ኔጋቲቭ ነው። በ«አይድ» የሚጨርሱት ግን አብዛኞቹ የአንድ ንጥረ ነገር አዮኖች ናቸው። ሃይድሮክሳይድ ከዚህ ያፈነገጠ ነው።

ቅንፍም አትርሱ። በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ኦኤች ቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ ሁለቷ ከቅንፉ ውጭ ትቀመጣለች። ቅንፉ ከቀረ ሁለቷ ሃይድሮጅንን ብቻ ታበዛለች። አንድ ኦክስጅን ጠፋ ማለት ነው።

ቅድም «በትንሹ ሬሾ» ብያለሁ። ሜርኩሪ ይህን ያስቸግራል። ሜርኩሪ አንድ ክሎራይድ ኤችጂ ሁለት፣ ሲኤል ሁለት ተብሎ ይጻፋል፤ አናቃልለውም። ምክንያቱም ይህ አዮን ሁለት የሜርኩሪ አተሞች ተጣምረው፣ በጋራ ሁለት ፖዘቲቭ ይዘው የሚገኙበት ነው። ውህዱ ካሎሜል በሚባል ስም ለረጅም ጊዜ ሆድ ለማስቀመጥ እንደ መድኃኒት ሲሰጥ ኖሯል። ሜርኩሪ ሁለት ክሎራይድ ግን ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ገዳይ መርዝ ነው።

በሉ ወረቀት አውጡ። ሊድ አራት ኦክሳይድ። ቀመሩን ጻፉልኝና ከዚያ ጥያቄ እንቀበላለን። አመሰግናለሁ።