ገላጋይ ሆኖ ገብቶ ወገን መሆን፦ የአሜሪካ ጦር በቤይሩት፣ ከ1982 እስከ 1984

ሜሮን፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ቤይሩት ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድማ የምትታየን እኅቶቻችን በሰው ቤት የሚደክሙባት ከተማ ናት፤ ዛሬ እኔና ጋሽ ታደሰ የምንከራከርባት ቤይሩት ግን ከዚያ በፊት የነበረችው፣ በእርስ በርስ ጦርነት ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ የተከፈለችው ከተማ ናት። አሜሪካ ወታደሮቿን ወደዚያ መላኳ ተገቢ ነበር ወይ? ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን። ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ መላኩን አጥብቀው እንደሚቃወሙ አውቃለሁ።

ታደሰ፦ እቃወማለሁ፤ ምክንያቴም የሚጀምረው ከወታደሮቹ ሳይሆን ከሊባኖስ መንግሥት አወቃቀር ነው። በ1943 በተደረገው ስምምነት መሠረት ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ እንዲሆኑ ተወስኖ፣ የምክር ቤቱም መቀመጫ ለስድስት ክርስቲያን አምስት ሙስሊም በሚል ስሌት ተደልድሎ ነበር። የድልድሉ መነሻ የ1932 የሕዝብ ቆጠራ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ መለወጡን ሁሉም ስለሚያውቅ ሌላ ቆጠራ ለማድረግ የደፈረ አልነበረም። እንግዲህ ዋሽንግተን «ሕጋዊውን መንግሥት እንደግፋለን» ስትል በእሷ ጆሮ የገለልተኛ ቃል ነው፤ ከቤይሩት በላይ ባለው በሹፍ ተራራ ላይ ላለው ድሩዝ የተባለ የሃይማኖት ወገን ወይም በደቡብ ቤይሩት ላለው ሺዓ ግን የባላንጣውን ስም እንደመጥራት ነው።

ሜሮን፦ ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የጋሽ ታደሰ ታሪክ ከመሐል ጀመረ። ማሪኖች የሚባሉት የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች መጀመሪያ ኦገስት 25 ቀን 1982 ሲገቡ ሥራቸው በእስራኤል ጦር የተከበቡት የፍልስጤም ታጣቂዎች በሰላም በመርከብ እንዲወጡ ማድረግ ነበር። የአሜሪካው መልእክተኛ ፊሊፕ ሀቢብ ታጣቂዎቹ ሲወጡ የሚቀሩት ሲቪሎች ደኅንነታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ገብተው ነበር። ማሪኖቹ ግን ሴፕቴምበር 10 ቀን ለቀው ወጡ፤ ከአራት ቀን በኋላ ተመራጩ ፕሬዚዳንት ባሺር ጀማየል በቦምብ ተገደሉ፤ ከ16 እስከ 18 ባሉት ቀናት ደግሞ የእስራኤል ጦር ከብቦት በነበረው የሳብራና ሻቲላ ሰፈር የፋላንጅ ታጣቂዎች ገብተው ሴት ሕፃን ሳይሉ ፈጁ። ቃል የሰጠ አገር ይህን አይቶ «የሩቅ ጠብ ነው» ብሎ ቤቱ ሊቀመጥ ይችላል?

ታደሰ፦ እዚህ ላይ መልስ ማጣቴን አልሸሽግም። ሴፕቴምበር 29 የተመለሱት በዚያ ኀፍረት ነው፤ ፈረንሳይና ጣሊያንም አብረዋቸው ነበሩ፤ ኋላም ብሪታንያ መቶ ያህል ወታደር ጨመረች። ነገር ግን ገላጋይ በሁለት ተደባዳቢዎች መካከል ሲቆም የሚያስከብረው ዱላ አለመያዙ ነው። አሜሪካ ግን ከመሐል ቆማ የአንዱን ወገን ልጆች ዱላ አያያዝ ማስተማር ጀመረች፤ የሊባኖስን ጦር አሠለጠነች፣ አስታጠቀችም፤ የዚያ ጦር አዛዦች በአብዛኛው ማሮናውያን ነበሩ። እስራኤል በ1983 ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ ከሹፍ ስትወጣ ድሩዞችና የክርስቲያን ታጣቂዎች ተያያዙ፤ ጦሩም ሱክ ኤል ገርብ የምትባለውን መንደር ሊለቅ ሲቃረብ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን የአሜሪካ የጦር መርከቦች ለእሱ ድጋፍ ከ300 በላይ የመድፍ ጥይት ተኮሱ።

ሜሮን፦ የማሪኖቹ አዛዥ ኮሎኔል ቲሞቲ ጌራቲ መርከቦቹ እንዲተኩሱ ሲጠየቁ መጀመሪያ እምቢ ማለታቸውም አብሮ ይነገር።

ታደሰ፦ ዋናው ነጥቤ እሱ ነው። ወታደሮቻቸው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ፣ ከተራራው ግርጌ ሜዳ ላይ ነበሩ። ከላይ ላለ መድፈኛ ከዚህ የተመቸ ዒላማ የለም። በተኮሱ ጊዜ መልሱ በማን ላይ እንደሚመጣ ያዩት ኮሎኔሉ ነበሩ፤ ትእዛዙን የፈለጉት ግን ልዩ መልእክተኛው ሮበርት ማክፋርሌንና ዋሽንግተን ነበሩ።

ሜሮን፦ እኔ የማልቀበለው ሁሉንም ነገር በዚያች አንድ ቀን ላይ መጫንዎን ነው። በ1983 ኤፕሪል 18 በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ የደረሰው የቦምብ ጥቃት 63 ሰው ሲገድል ከመርከብ የተተኮሰ አንድም ጥይት አልነበረም። ኦገስት 29 ሁለት ማሪኖች ሲገደሉም እንዲሁ። ሶሪያና ኢራን አሜሪካን ከዚያ ማስወጣት የፈለጉት ሱክ ኤል ገርብ ሳትታሰብ ነው፤ በ2003 የዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤትም በ1983 ኦክቶበር በማሪኖቹ ሰፈር ላይ ለደረሰው ጥቃት ኢራንን ተጠያቂ አድርጓል። ገላጋዩ ምንም ቢጠነቀቅ መምታት የፈለገ ይመታዋል።

ታደሰ፦ ታዲያ ጣሊያኖቹን እንዴት ታስረጂኛለሽ?

ሜሮን፦ እስኪ ይንገሩን።

ታደሰ፦ በጄኔራል ፍራንኮ አንጆኒ የሚመራው የጣሊያን ጦር የቆመው በተመሳሳይ ከተማ፣ ለዚያውም እነ ሳብራና ሻቲላ ባሉበት ሰፈር ነው። የመስክ ሆስፒታላቸውን ለነዋሪው ከፍተው ያክሙ፣ በየሰፈሩ በእግራቸው እየተዘዋወሩ ይጠብቁ ነበር፤ ከማንም ወግነው ወደ ተራራው አልተኮሱም። በቆዩበት ጊዜ ሁሉ የተገደለባቸው አንድ ወታደር ነው። ኦክቶበር 23 ቀን 1983 ማለዳ ግን ፈንጂ የጫነ ቢጫ የጭነት መኪና የማሪኖቹን ሕንፃ ደርምሶ 241 አሜሪካውያን ሲሞቱ፣ ከደቂቃዎች በኋላ በፈረንሳዮቹ ላይ በደረሰው ሌላ ፍንዳታ 58 የአየር ወለድ ወታደሮች አለቁ። ፈረንሳይ በሊባኖስ የማሮናውያን ጥንታዊ ወዳጅ ናት፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ ኢራንን ለሚወጋው ለሳዳም ሁሴን የጦር አውሮፕላን አውሳ ነበር። በዚያ ማለዳ ጣሊያኖቹን የነካቸው ግን አልነበረም።

ሜሮን፦ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን ወደ እኔም ያጋድላል። ጣሊያኖቹም እኮ ሩቅ ወደሆነ የሃይማኖት ወገኖች ጠብ የገቡ የውጭ ወታደሮች ናቸው። እንግዲህ መሄዱ በራሱ ጥፋት አልነበረም ማለት ነው።

ታደሰ፦ (እየሳቀ) በገዛ ገመዴ አሰርሽኝ። ይሁን፤ መሄዱን ልተውልሽ። ግን ያ ሁሉ ማሪን በአንድ ሕንፃ ተጠቅጥቆ ሲተኛ፣ ጥበቃ ላይ የነበሩት ልጆች ጠመንጃቸው ጥይት እንዳይጎርስ የሚያዝ መመሪያ እንደነበራቸው አስቢ። መመሪያው የሰላም ጊዜ መመሪያ ነው፤ መርከቦቹ የሚተኩሱት ግን ጦርነት ነው። ዋሽንግተን አንዱንም አልመረጠችም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሹልትዝ እንቆይ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ዋይንበርገር እንውጣ እያሉ ሲሟገቱ፣ ወታደሩ በሁለቱ አሳብ መካከል ሜዳ ላይ ተቀመጠ።

ሜሮን፦ እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አወጣጡ ነው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1984 የሺዓው አማል ንቅናቄና አጋሮቹ ምዕራብ ቤይሩትን ሲይዙ፣ መሪው ነቢህ በሪ ሙስሊም ወታደሮች ትእዛዝ እንዳይቀበሉ ጠርተው ነበርና ያ የሠለጠነው ጦር በየወገኑ ተበተነ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሬጋን ማሪኖቹ «ወደ መርከቦቻቸው ይዛወራሉ» አሉ፤ ሽሽት የሚለውን ቃል ላለመጥራት። በፌብሩዋሪ 8 ደግሞ «ኒው ጀርሲ» የተባለችው ግዙፍ መርከብ ተራራውን በመድፍ ስትደበድብ ዋለች፤ ሊወጣ የወሰነ ጦር ለምን ዓላማ እንደሚተኩስ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወሩ ሳያልቅ ማሪኖቹ ወጥተው አለቁ፤ ሊባኖስም ከእስራኤል ጋር በአሜሪካ አደራዳሪነት የፈረመችውን የሜይ 17 ስምምነት ማርች 5 ላይ ሰረዘች።

ታደሰ፦ ሶሪያዎቹ የፈለጉትን አገኙ ማለት ነው።

ሜሮን፦ እንግዲያው የመጨረሻ ጥያቄ። በ1983 ሴፕቴምበር መጨረሻ ኮንግረሱ ማሪኖቹ ለተጨማሪ 18 ወራት እንዲቆዩ የሚፈቅደውን ውሳኔ በተወካዮች ምክር ቤት 270 ለ161፣ በሴኔቱ 54 ለ46 አጽድቋል። እርስዎ እዚያ ቢቀመጡ እጅዎን ለየትኛው ያወጡ ነበር?

ታደሰ፦ ተቃውሜ። በሱክ ኤል ገርብ ከተተኮሰ ገና አሥር ቀን ነውና ድምፅ የሚሰጠው ለገላጋይ ሳይሆን ለተዋጊ ነበር። በ1982፣ የሳብራና ሻቲላ ሬሳ ሳይነሣ ቢጠይቁኝ ግን፣ ዛሬ ካንቺ ጋር ስነጋገር እንደታየኝ፣ ደግፌ እጄን አወጣ ነበር።

ሜሮን፦ በ1982 ግን ድምፅ አልተሰጠም። ሬጋን ወታደሮቹን ልከው ለኮንግረሱ በደብዳቤ አሳወቁ እንጂ የጠየቁት ፈቃድ አልነበረም።

ታደሰ፦ አዎን። ኮንግረሱ የተጠየቀው ወታደሮቹ ከገቡ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።